ነጥቡ የማን ጥያቄ መልስ ነው? የቪዲዮ ጌም ግምገማዎችን አነጻጽሮ ለመምረጥ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ለሽያጭ የቀረበው «ሳይበርፐንክ 2077» በአንድ ጊዜ ሁለት ነጥብ ነበረው። የሃያስያንን ፍርድ ሰብስቦ በአማካይ የሚያቀርበው ሜታክሪቲክ ለፒሲው ቅጂ 86፣ ለፕሌይስቴሽን 4ቱ ቅጂ ደግሞ 57 መዘገበ። ታሪኩ፣ ከተማውና ገጸ ባሕርያቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ጌሙን የሚያስኬደው ማሽን ነው። ከሽያጩ ዕለት በፊት ለሃያስያን የተላከው የፒሲው ቅጂ ብቻ ስለነበረ፣ በዋዜማው ሲነበቡ የሰነበቱት ከፍተኛ ነጥቦች የተሰጡት በኮምፒውተር ላይ ለተሞከረው ጌም ነበር። በርካታ ገዢዎች ግን ያንኑ ነጥብ አምነው የገዙት ሳሎናቸው ውስጥ ለተቀመጠው የቆየ ኮንሶል ነው። ጌሙ በእነዚያ ኮንሶሎች ላይ እየተንቀራፈፈና እየተቋረጠ ስላስቸገረ፣ ሶኒ በሳምንቱ ከፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብሩ አወጣው፤ የመለሰውም በጁን 2021 ነው።

እነዚያን ነጥቦች የሰጡት ሃያስያን ያዩትን ነው የጻፉት። ችግሩ እነርሱ የመለሱት ጥያቄና ገዢው በልቡ የያዘው ጥያቄ መለያየታቸው ነበር። ከዚህ በታች የግምገማ ዓይነቶችን የማነጻጽረው በዚሁ መለኪያ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥ፣ በምን ጉዳይ እንደሚታመንና በምን ጉዳይ እንደማይታመን ለማሳየት እሞክራለሁ። የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ጉዳዩን ቀላል አድርጌ የማላየው፣ ጌም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶና በሰው ሻንጣ ተጭኖ አገር ቤት በሚገባበት ሁኔታ የምርጫ ስሕተት ውድ ስለሆነ ነው።

ግምገማው እንዴት ይዘጋጃል

የታላላቅ ጌሞች ግምገማ በአብዛኛው የሚጻፈው ጌሙ ሱቅ ከመድረሱ በፊት ነው። አሳታሚው ድርጅት ለሃያሲው የማውረጃ ኮድ ይልክለታል፤ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ሲቀረው። ከኮዱ ጋር ስምምነት አብሮ ይመጣል፦ ከተባለው ቀንና ሰዓት በፊት ምንም እንዳይወጣ፣ የታሪኩ ፍጻሜ እንዳይነገር፣ አንዳንዴም የትኛው የጌሙ ክፍል በቪዲዮ እንዳይታይ ይደነግጋል። በሳይበርፐንክ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ገምጋሚዎች ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩ ተከልክለው ስለነበር፣ ተመልካቹ ያየው ኩባንያው ያዘጋጀውን ቪዲዮ ነው። በ2016 ደግሞ ቤተስዳ የተባለው አሳታሚ የግምገማ ቅጂዎችን የሚልከው ከሽያጩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ብቻ እንደሚሆን በይፋ አስታወቀ። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው መመሪያ ቀላል ነው፤ ጌሙ ሊሸጥ ጥቂት ሰዓታት እስኪቀሩት ድረስ አንድም ግምገማ ካልወጣ፣ ገንዘብን በኪስ ይዞ ጥቂት ቀናት መታገሥ ይሻላል።

ሌላው ሳይነገር የሚቀረው ነገር የሃያሲው አጨዋወት ነው። 40 ሰዓት የሚወስድን ጌም በአምስት ቀን ጨርሶ መጻፍ ያለበት ሰው፣ ያንኑ ጌም ከሥራ መልስ በየምሽቱ አንድ ሰዓት እየተጫወተ ከወር በላይ ከሚያቆየው ሰው ጋር አንድ ዓይነት ነገር አይደርስበትም። ለቸኮለው ሃያሲ የሚሰለቸው ተደጋጋሚ ሥራ ለእኛ የምሽት ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ በአንድ ትንፋሽ ያለፈው የተወሳሰበ ታሪክ ደግሞ በየምሽቱ ለሚጀምረው ሰው ክሩ ይጠፋበታል። ስለዚህ አንድን ግምገማ ሳነብ በቅድሚያ የምፈልገው በምን ማሽን እንደተሞከረ፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወቱትና እስከ መጨረሻው እንደደረሱ የሚገልጸውን ዐረፍተ ነገር ነው። ይህን የማይገልጽ ግምገማ ነጥቡ የቱንም ያህል ከፍ ቢል አልተማመንበትም።

በኢንተርኔት የሚሠሩ ጌሞች የባሰ ያስቸግራሉ። ፖሊጎን የተባለው የጌም ድረ ገጽ በማርች 2013 ለ«ሲምሲቲ» መጀመሪያ ከ10 9.5 ሰጥቶ ነበር። ጌሙ ተሸጦ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲገባበት ግን የኩባንያው ሰርቨሮች ስላልቻሉና ገዢዎች የከፈሉበትን ጌም መክፈት ስላቃታቸው፣ ፖሊጎን ነጥቡን ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 4 ዝቅ አደረገው፤ ሁኔታው ሲረጋጋም 6.5 ላይ አቆመው። ሃያሲው ጌሙን የሞከረው ሰርቨሩ ጭር ባለበት ሰዓት በመሆኑ የመጀመሪያው ፍርድ ለዚያ ሰዓት እውነት ነበር። «ክራሽ ቲም ሬሲንግ ናይትሮ ፊውልድ» ላይ የደረሰውም ከዚህ ይቀራረባል፤ ጌሙ በጁን 2019 ወጥቶ ከተገመገመ በኋላ በኦገስት በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዙ ነገሮች ተጨመሩበት። ግምገማው ግን እንደተጻፈ ቀረ።

ነጥብ የሚሰጥ ሃያሲ

አንድ ሰው በስሙ ጽፎ ነጥብ የሚሰጥበት ግምገማ ጥንታዊውና አሁንም ብዙ አንባቢ ያለው ዓይነት ነው። ሆኖም 7 የሚለው ቁጥር በየቤቱ ትርጉሙ ይለያያል። ግዙፉ የአሜሪካ ድረ ገጽ አይጂኤን ከ10 ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜ ነጥቡን እስከ አሥረኛ ክፍልፋይ ይከፋፍል የነበረ ሲሆን ከ2020 ወዲህ ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ይጠቀማል። በእርሱ መለኪያ 7 ማለት «ጥሩ» ነው፤ 5 ደግሞ ተራ ነገር። ከ1993 ጀምሮ የሚታተመው የእንግሊዙ ኤጅ መጽሔት በበኩሉ በነጥብ ቆጣቢ ነው፤ ሌላው ቤት 8 የሚሰጠውን እርሱ ያለምንም ቁጣ 6 ሊሰጠው ይችላል፣ የኤጅ 7ም የሚከበር 7 ነው።

እኛ በ50 «አለፈ» ተብሎ በሚጻፍበት ካርድ ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይኖርብናል። ከ100 65 ያገኘ ተማሪ በደህና አለፈ እንላለን። በጌም ግምገማ ዓለም ግን አብዛኛው ነጥብ ከ6 እስከ 9 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት እጅግ ደካማ የሆኑት ጌሞች ገምጋሚ ፊት ሳይደርሱ መቅረታቸው ነው። በመሆኑም በአብዛኞቹ ድረ ገጾች 6.5 ማለት ሃያሲው አንዳች ነገር በብርቱ ቅር አሰኝቶታል ማለት ነው። ያንን ቅር ያሰኘውን ነገር ማወቅ ከነጥቡ ይልቅ ይጠቅማል፤ ምናልባት እርሱን ያስከፋው ለእኛ ምንም ላይመስለን ይችላልና።

የጃፓኑ ሳምንታዊ መጽሔት ፋሚትሱ የተለየ ዘዴ አለው። አራት ገምጋሚዎች እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጡና ድምሩ ከ40 ይታሰባል። የመጀመሪያውን ሙሉ 40 ያገኘው በ1998 የወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፡ ኦካሪና ኦቭ ታይም» ነው። በዚህ ዘዴ የምወድለት አራቱን ቁጥሮች ለየብቻ ማሳየቱን ነው፤ 9፣ 9፣ 8፣ 9 ያገኘ ጌምና 10፣ 10፣ 5፣ 10 ያገኘ ጌም ሁለቱም ድምራቸው 35 ቢሆንም፣ ሁለተኛው «የሚያፈቅሩትና የሚጠሉት» ጌም መሆኑ በግልጽ ይታያል። ጉድለቱ የእያንዳንዱ ገምጋሚ ጽሑፍ ጥቂት መስመር ብቻ መሆኑ ነው፤ አምስት የሰጠው ሰው ለምን እንደሰጠ በበቂ አይገኝም።

ስለ ነጻነትም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ጌም የሚገመግሙ ድርጅቶች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ከጌም ኩባንያዎች በሚገኝ ማስታወቂያ ጭምር ነው። በ2007 ጄፍ ገርስትማን የተባለው የጌምስፖት አርታዒ ለ«ኬን ኤንድ ሊንች፡ ዴድ ሜን» 6 ከሰጠ በኋላ ከሥራ ተሰናበተ፤ በወቅቱ የዚያ ጌም ማስታወቂያ ድረ ገጹን አጥለቅልቆት ነበር። በ2012 እርሱ ራሱ በይፋ እንደተናገረው ስንብቱ ከማስታወቂያ አቅራቢዎች ቅሬታ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህን የማነሣው ሃያስያን ሁሉ ይገዛሉ ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሰውየው ሥራውን እስኪያጣ ድረስ ያመነበትን መጻፉ ለሙያው ክብር ነው። ነገር ግን አንድን ድርጅት በጅምላ ከማመን አንድን ጸሐፊ በስሙ መከተል እንደሚሻል ያሳያል። ሁለት ሦስት የምናውቃቸውን ጌሞች በተመለከተ የጻፈውን አንብበን ከእኛ ስሜት ጋር ካመዛዘንነው፣ ቀጥሎ 7 ሲሰጥ ያ 7 ለእኛ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። ሁልጊዜ የማንስማማው ሃያሲም ቢሆን አለመስማማታችን ወጥ እስከሆነ ድረስ መንገድ ያሳያል።

ነጥብ የማይሰጡት

ሮክ ፔፐር ሾትገን የተባለው የፒሲ ጌሞች ድረ ገጽ ነጥብ አይሰጥም። ፖሊጎንም በ2018 ነጥብ መስጠት አቁሞ የሚመክራቸውን ጌሞች ብቻ በምልክት መለየት ጀመረ። ዩሮጌመር በ2015 የ10 ነጥብ መለኪያውን ትቶ «የግድ የሚያስፈልግ»፣ «የሚመከር»፣ «የሚወገድ» በሚሉ ምልክቶች ተካው፤ በ2023 ደግሞ በአምስት ኮከብ መለኪያ ወደ ነጥብ ተመለሰ። ይህ መመላለስ የአቋም ድክመት አይመስለኝም። ጸሐፊው ሐሳቡ በቁጥር እንዳይታነቅ ይፈልጋል፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆመው አንባቢ ደግሞ አንድ ቃል እንዲነገረው ይፈልጋል፤ የሁለቱም ፍላጎት ትክክል ነው።

ነጥብ የሌለው ግምገማ የሚጠቅመው ጊዜ ላለውና የጌሙን ጠባይ ማወቅ ለሚሻ ሰው ነው፤ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሳያነቡ ፍርዱ አይገኝምና። ለሚቸኩል ሰው አይሆንም። በእንግሊዝኛ የተጻፈን ረጅም ሐተታ ማንበብ ለሚከብደው ሰውም፣ በተለይ ለልጁ ጌም ለሚፈልግ ወላጅ፣ ይህን ዓይነቱን ግምገማ አልመክርም።

አማካይ ነጥብ፦ ሜታክሪቲክ ወይስ ኦፕንክሪቲክ?

ብዙ ሰው «ይህ ጌም 85 አለው» ሲል የሚጠቅሰው ከ2001 ጀምሮ የሚሠራውን ሜታክሪቲክን ነው። ድረ ገጹ የየሃያሲውን ነጥብ ወደ 100 ቀይሮ አማካዩን ያወጣል። ይሁን እንጂ አማካዩ ተራ አማካይ አይደለም፤ አንዳንድ የግምገማ ድርጅቶች ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ይሰጣቸዋል፣ የትኛው ስንት እንደሚመዝን ግን በይፋ አይነገርም። ለጌሞች 75ና ከዚያ በላይ አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 74 ቢጫ፣ ከዚያ በታች ቀይ ነው። አምስት ኮከብ ከሚሰጥ ቤት የመጣ ሦስት ኮከብ 60 ሆኖ ይቆጠራል፤ ጸሐፊው «ደህና ነው» ብሎ የሰጠው ፍርድ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ «አጠራጣሪ» መስሎ ይታያል ማለት ነው። ነጥብ የማይሰጡት ሃያስያን ደግሞ ከስሌቱ ውጭ ይሆናሉ።

በ2015 የተጀመረው ኦፕንክሪቲክ ክብደት የማይለይ ተራ አማካይ ይጠቀማል፤ ከዚያም ጎን ለጎን ከሃያስያኑ ስንት በመቶው ጌሙን እንደሚመክሩ ያሳያል። አሠራሩ ግልጽ በመሆኑ እኔ በአብዛኛው የምከፍተው እርሱን ነው። በአንድ ጉዳይ ግን ሜታክሪቲክ ይበልጠዋል፦ ሜታክሪቲክ የፒሲውን፣ የፕሌይስቴሽኑንና የኤክስቦክሱን ነጥብ ለየብቻ ሲያስቀምጥ፣ ኦፕንክሪቲክ ሁሉንም በአንድ ይደምራቸዋል። በሳይበርፐንክ ጊዜ 86 እና 57 ተለያይተው የታዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ኦፕንክሪቲክ በበኩሉ ስለ ቆዩት ኮንሶሎች አንባቢውን የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻ በጌሙ ገጽ ላይ ለመለጠፍ ተገዷል። ስለዚህ ማሽኑ የቆየ ወይም አቅሙ አነስተኛ የሆነ ሰው ከሜታክሪቲክ የማሽኑን ቅጂ ለይቶ ይመልከት፤ አዲስ ማሽን ያለው ሰው ኦፕንክሪቲክ ይበቃዋል።

አማካይ ነጥብ የሚያታልለው በአንድ ዓይነት ጌም ላይ ነው፤ ሰውን ለሁለት በሚከፍለው። በ2019 የወጣው የጃፓናዊው ጌም ሠሪ የሂዴዮ ኮጂማ «ዴዝ ስትራንዲንግ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጌሙ ውስጥ ዋናው ሥራ ዕቃ ማድረስ ነው፦ በጀርባ ላይ የተቆለለ ሸክም ተሸክሞ ድንጋያማ ዳገት መውጣት፣ ሸክሙ ወደ ግራ ሲያጋድል በቀኝ ማጥበቅ፣ ወንዝ ከመሻገር በፊት ጥልቀቱን መለካት፣ ተንሸራትቶ ከወደቁ የተበታተነውን ሣጥን መልቀም። ፋሚትሱ 40 ከ40 ሰጠው፤ አይጂኤን 6.8 ሰጠው። የሜታክሪቲክ አማካዩ 82 ነው። ይህ 82 የማንም ስሜት አይደለም፤ ጸጥ ያለውን ጉዞ የወደደው ሰው 10 ይላል፣ የተሰላቸው ሰው 6 ይላል፣ «82 ያህል ወደድኩት» የሚል ሰው ግን ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን ጌም ለመወሰን ከአማካዩ ይልቅ ከፍተኛውን አንድ ግምገማና ዝቅተኛውን አንድ ግምገማ ጎን ለጎን ማንበብ ያዋጣል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ያወራሉ፤ አንዱ ያመሰገነው ሌላው የነቀፈው ያ ነገር ለእኛ ምን እንደሆነ ስናውቅ ምርጫው ራሱ ይወጣል።

አማካዩን እንደ ሚዛን መቁጠር ሠሪዎችንም ጎድቷል። «ፎልአውት፡ ኒው ቬጋስ» በ2010 ሲወጣ፣ ሠሪው ኦብሲዲያን ጉርሻ የሚያገኘው ጌሙ በሜታክሪቲክ 85 ከደረሰ ነበር። 84 አገኘ፤ ጉርሻውም ቀረ። ይህን በ2012 የገለጸው ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ነው። በ84 እና በ85 መካከል ያለውን ልዩነት ተጫውቶ የሚለይ ሰው የለም፤ እኛም ስንገዛ 84ን ከ87 ጋር አወዳድረን 87ን መምረጥ የለብንም። በእኔ ግምት ከአምስት ነጥብ በታች የሆነን ልዩነት እንደሌለ መቁጠር ይቻላል።

የተጫዋቾች ድምፅ

የፒሲ ጌሞች በኢንተርኔት የሚሸጡበት የስቲም መደብር የሚያሳየው መቶኛ ከሁሉም በላይ በስሕተት የሚነበብ ቁጥር ይመስለኛል። በስቲም ተጫዋቹ የሚጠየቀው «ትመክረዋለህ ወይስ አትመክረውም?» ተብሎ ብቻ ነው። 90 በመቶ ማለት ከ10 ሰዎች 9ኙ መከሩት ማለት እንጂ ጌሙ ከ10 9 አገኘ ማለት አይደለም። ሁሉም ሰው «ምንም አይል» ብሎ የሚወደው ቀላል ጌም 95 በመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ለግማሹ ሕዝብ የሕይወቱ ምርጥ የሆነ፣ ለሌላው ግማሽ ግን ያልጣመ ድንቅ ሥራ 50 በመቶ ላይ ይቀራል።

ያም ሆኖ የስቲም ድምፅ ሃያስያን ሊሰጡን የማይችሉት ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ አስተያየት የሚሰጠው ጌሙ ያለው ሰው ነው፤ የተጫወተው ሰዓትም ከስሙ ሥር ይታያል። 300 ሰዓት ተጫውቶ «አልመክርም» ያለ ሰውና በ20 ደቂቃ «አልመክርም» ያለ ሰው የሚነግሩን የተለያየ ነው። ሁለተኛ፣ ከ2016 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ 30 ቀናት አስተያየት ከጠቅላላው ተለይቶ ይታያል። «ኖ ማንስ ስካይ» በኦገስት 2016 ሲወጣ የተገባው ቃል ስላልተፈጸመ በስቲም ክፉኛ ተወቅሶ ነበር፤ ሠሪው ሄሎ ጌምስ ግን ለዓመታት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እያሻሻለው በ2024 ጠቅላላ ድምፁ «በጣም አዎንታዊ» ለመሆን በቃ። የ2016ቱን ግምገማ ብቻ የሚያነብ ሰው ዛሬ የሌለ ጌም እያነበበ ነው። በተቃራኒው፣ ፔስ እያልን ያደግንበትን የኮናሚን እግር ኳስ የተካው «ኢፉትቦል 2022» በሴፕቴምበር 2021 ሲወጣ የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ፣ ኳሱ ከእግር እየሸሸ መታየቱን ቀድመው ያሳዩት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ በዚያው ሰሞን በስቲም ዝቅተኛ ድምፅ ካገኙት ጌሞች አንዱ ሆነ።

በሜታክሪቲክ የሚገኘው የተጠቃሚዎች ነጥብ ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ነጥብ ለመስጠት ጌሙን መግዛት አያስፈልግም። «ዘ ላስት ኦቭ አስ ፓርት 2» በጁን 19 ቀን 2020 ሲወጣ፣ ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ የሚወስደውን ጌም በመጀመሪያው ቀን ሺሕዎች ዜሮ ሰጡት፤ የሃያስያን አማካይ በ90ዎቹ ውስጥ ሳለ ከ10 የሚታሰበው የተጠቃሚዎቹ ነጥብ ወደ 3 ወረደ። ከዚህ በኋላ ድረ ገጹ አንድ ጌም ከወጣ 36 ሰዓት ሳይሞላው የተጠቃሚ ነጥብ እንዳይሰጥ አደረገ። ስቲምም ከ2019 ወዲህ ከጌሙ ጋር በማይገናኝ ቁጣ የጎረፉ ድምፆችን ከስሌቱ ያወጣል።

ስለ ስልክ ጌሞች አጭር ቃል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባው ኩባንያ የሠራቸውን «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን የመሳሰሉ የስልክ ጌሞች ለታላላቆቹ ሃያስያን የሚደርሱበት መንገድ ጠባብ ነው። ለእነርሱ ያለው መለኪያ የመተግበሪያ መደብሩ ኮከብ ነው፤ ብዙ የስልክ ጌሞች ደግሞ ኮከብ የሚለምኑት ተጫዋቹ ባሸነፈበት ቅጽበት ስለሆነ ቁጥሩ ያብጣል። ከኮከቡ ይልቅ በቅርብ የተጻፉትን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ኮከብ አስተያየቶች ማንበብ ያዋጣል፤ ማስታወቂያው ይበዛል ወይ፣ ስልክ ያግላል ወይ የሚለው የሚገኘው እዚያ ነው።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ፒሲው ወይም ኮንሶሉ የቆየ ሰው ከማንኛውም ነጥብ በፊት የቴክኒክ ምርመራ ይፈልግ። ዲጂታል ፋውንድሪ የተባለው ቡድን ጌሙ በየማሽኑ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ፣ የት የት ቦታ ላይ እንደሚንቀራፈፍ እየለካ በቪዲዮ ያቀርባል፤ ቋንቋው ባይገባ እንኳ ግራፉ ሲወርድ ማየት በቂ ነው። በስቲም የሚገዛ ሰው ደግሞ ከግዢው በ14 ቀን ውስጥ፣ የተጫወተውም ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ሰዓት በራሱ ማሽን እንደ ፈተና ይጠቀምበት።

የፕሌይስቴሽን ቤት ለከፈተ ሰው የተጠቃሚ ነጥብ ከንቱ ነው። የየዓመቱ እግር ኳስ ጌም፣ ከ2023 ጀምሮ ስሙ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ቢሆንም በየሰፈሩ አሁንም ፊፋ የሚባለው፣ በሜታክሪቲክ የተጠቃሚዎች ነጥቡ ከሃያስያኑ በእጅጉ ያነሰ ነው። ቁጣው በአብዛኛው በኢንተርኔት በሚሸጡት የተጫዋች ካርዶች ላይ ነው። ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው በጨዋታ እየከፈሉ ለሚጫወቱበት ቤት ይህ ክርክር አይመለከተውም። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ከዓምናው ምን እንደተለወጠ ለይቶ የሚናገር ሃያሲ ነው፤ የተለወጠው የቡድኖች ስምና ማሊያ ብቻ ከሆነ የዓምናው ዲስክ ይበቃል።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ይለዩ፦ በሽፋኑ ላይ የታተመው 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የአውሮፓው ፔጊ የሚሰጠው የዕድሜ ገደብ እንጂ የጥራት ነጥብ አይደለም። ሃያስያን 96 የሰጡት ጌም ሽፋኑ ላይ 18 ሊኖረው ይችላል፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆነው የሽፋኑ ቁጥር የፈቀደው ነው።

ከውጭ ዲስክ የሚያስመጣን ሰው በተመለከተ ግን የራሴን ልናገር። ዱባይ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለበዓል ልትመጣ ስትዘጋጅ ከሱቅ ውስጥ በቪዲዮ ደወለችልኝ፤ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው ሁለት ዲስክ እንደ ካርታ ዘርግታ ይዛ። «ይሄኛው 91 ነው ይላል፣ ያኛው 74፤ ለልጁ የቱን ልያዝለት?» አለችኝ። ሳላመነታ 91ዱን አልኳት። ዲስኩ መጣ፤ የእህቴ ልጅ ፕላስቲኩን በጥርሱ ቀዶ ከተተው፤ ማሽኑ ግን ከመጫወቱ በፊት በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት እንዲወርድ ጠየቀ። በቤታችን ኢንተርኔት አራት ሌሊት ፈጀ። ሲከፈት ጌሙ በእርግጥ ድንቅ ነበር፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ድንቅ። ልጁ የሚጫወተው ከወንድሙ ጋር ነው። ተራ እየጠበቁ ሦስት ምሽት ሞከሩትና ተዉት፤ ያ 74 የተሰጠው የመኪና ውድድር ጎረቤት ቤት ስላለ ክረምቱን እዚያ እየሄዱ ሲጫወቱ ከረሙ። 74ን የሰጠው ሃያሲ አልተሳሳተም፣ 91ን የሰጠውም አልተሳሳተም። እኔ ነኝ ለማን እንደሚገዛ ሳልጠይቅ ቁጥር ያወዳደርኩት።

አሁን እንደዚያ አንሠራም። ሱቅ ገብታ ስትደውል በቅድሚያ የማስገለብጣት ሽፋኑን ነው፤ ከጀርባው በትንንሽ ምልክቶች ስንት ሰው አብሮ እንደሚጫወተው፣ በማሽኑ ላይ ስንት ጊጋባይት ቦታ እንደሚፈልግ፣ ኢንተርኔት ግድ መሆን አለመሆኑ ተጽፏል። እነዚህን ካነበበችልኝ በኋላ ሜታክሪቲክ ላይ የእኛን ማሽን ቅጂ እፈልጋለሁ፤ ከዚያ አንድ ከፍተኛና አንድ ዝቅተኛ ግምገማ ከፍቼ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች አነባለሁ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ እርሷም ሻይዋን ይዛ ትጠብቀኛለች።